ተወሰነ፤ ግን ለምን?

ያደረግነውን መመዝገብ ብዙም አይከብደንም። ለምን እንዳደረግነው መጻፍ ላይ ግን እጃችን ይሰንፋል። የዕድርም ሆነ የመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ገልጣችሁ እዩ። «ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላችኋል። ሰፊው ውይይት የት ገባ? ከተወያዮቹ ጋር ወደየቤቱ ሄዷል። ከዐሥር ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጠው ሰው ውሳኔውን እንጂ ምክንያቱን አያገኝም።

ይህ ልማድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚጽፉ ሰዎችም ዘንድ አለ። ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996) አውሮፓውያን አሪያን 5 የተባለችውን አዲስ ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ለመጀመሪያ ጊዜ አስወነጨፉ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ መንገዷን ስታ ፈነዳች። የተሸከመቻቸው አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረው ወደሙ።

ምን ሆነች? አቅጣጫዋን የሚከታተለው ፕሮግራም ከቀድሞዋ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። ይህ ፕሮግራም ትልልቅ ቁጥሮችን ከ32,767 በላይ ወደማይዝ ትንሽ ቦታ ያዛውራል። ሊያስቸግሩ ከሚችሉ ሰባት ቁጥሮች ለአራቱ መከላከያ ተበጀላቸው። ሦስቱ ግን ሆን ተብሎ ተተዉ። ሞኝነት አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ሥራ እንዳይበዛበት ተብሎ፣ ቁጥሮቹም ከልክ እንደማያልፉ ታስቦ ነው። ለአሪያን 4 ሐሳቡ ልክ ነበር። የአሪያን 5 የጎንዮሽ ፍጥነት ግን ከቀድሞዋ በአምስት እጥፍ ፈጥኖ ያድጋል። ቁጥሩ ከቦታው በላይ ሆነ። ዋናውም መጠባበቂያውም መሣሪያ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ነበራቸውና ሁለቱም ሥራ አቆሙ።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቦርድ አንድ ነገር አስተዋለ። ሦስቱ ቁጥሮች የተተዉበት ምክንያት በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ በቀጥታ ሰፍሮ አልተገኘም። ባለሙያዎቹ የተስማሙበት ሐሳብ በሰነድ ክምር ውስጥ፣ ማንም ሳይደብቀው ተደብቆ ነበር። ከመስመሩ ጎን «የአሪያን 4 ፍጥነት እዚህ ስለማይደርስ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖርስ? አደጋው ይቀር ነበር ብዬ አልምልም። «የአሪያን 5ስ?» የሚለው ጥያቄ ግን መነሻ ያገኝ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ የዋሸ የለም። ታዲያ ጥፋት አለ? እኔ አለ እላለሁ። ምክንያቱን ሳይነግሩ ውሳኔን ብቻ ማውረስ ተተኪውን ወይ ፈሪ ወይ ደፋር ያደርገዋል። ደፋሩ «ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚያስፈልገውን ይሰርዛል። ፈሪው የማያስፈልገውን ተሸክሞ ይኖራል። ለነገሩ ያ ሥራ ያቆመው ስሌት ራሱ፣ አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣች በኋላ ምንም አይጠቅማትም ነበር። በአሪያን 4 በደንብ የሠራን ነገር አለመንካት ይሻላል ተብሎ የቀረ ነው።

«ጊዜ የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ ሥራ ያጣድፋል። «ፕሮግራሙን ያነበበ ይገባዋል» ይባላል። ፕሮግራሙ ግን የሚሠራውን ነው የሚናገረው፤ ሌላው መንገድ ለምን እንደተጣለ አይናገርም። እኔን የሚያሳስበኝ የማይነገረው ሰበብ ነው። ምክንያቱን የጻፈ ሰው ራሱን ለሙግት ያቀርባል። ነገ አንዱ መጥቶ «ተሳስተሃል» ሊለው ይችላል። ዝም ያለውን ማን ይሞግተዋል?

በአገራችን ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት ሲቀርብ «ሐተታ ዘምክንያት» የሚባል ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል። ምነው ይህ ወግ ለአዋጅ ብቻ ሆነ? ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ውሳኔያችንን የመጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ጊዜው ሲያልፍ የመሻርም መብት አለው። ምክንያቱን ካልነገርነው ግን በምን አውቆ ይሽረዋል?