የቤተሰብ ሽታ ያለው እንግዳ

 

በሱረቱን-ነምል የተወሳችውን ጉንዳን ታውቋታላችሁ። የነቢዩ ሱለይማን (ዐለይሂ ሰላም) ሠራዊት ሲቃረብ ጓደኞቿ ቶሎ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ አስጠነቀቀች። ያ ሠራዊት የመጣው ከውጭ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ዛሬ ግን ጉንዳኖች በገዛ እጃቸው ተሸክመው ቤታቸው ስለሚያስገቡት ነገር እናውራ።

በአውሮፓ አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። እንቁላሏን የምትጥለው ጦስኝ አበባ ላይ ነው፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ጦስኝ ዘመድ። አባጨጓሬዋ አበባውን ለጥቂት ሳምንታት ከበላች በኋላ መሬት ላይ ትወድቅና ትጠብቃለች። ጉንዳን ሲያገኛት ጣፋጭ ጠብታ ታወጣለታለች። ሰውነቷም ልክ እንደ ጉንዳን እጭ ይሸታል። ጉንዳኑ የጠፋች ልጁን ያገኘ ይመስል አንስቶ ወደ ጎጆው ይወስዳታል። እዚያ 10 ወር ያህል ትቀመጣለች፤ የምትበላው ያስገቧትን ጉንዳኖች ልጆች ነው። ከክብደቷ 98 በመቶ በላይ የሚሆነውን የምታገኘው እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። ሱብሓነላህ!

ዘመዷ ደግሞ ትብሳለች። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይቺኛዋ የጉንዳኖቹን ንግሥት ድምፅ ታስመስላለች። እነሱም እንደ ንግሥት ይንከባከቧታል። ምግብ ሲያጥር የራሳቸውን እጭ ገድለው እሷን ይመግባሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሌፒዶክሪሶፕስ የሚባሉት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች በአፍሪካ፣ በአገራችንም ይኖራሉ። ከእነሱም አባጨጓሬያቸው በጉንዳን ጎጆ ውስጥ እጭ እየበላ የሚያድግ አሉ።

በነገራችን ላይ አባጨጓሬዋን አትርገሟት። አላህ በፈጠራት መንገድ ነው የምትኖረው፤ ሒሳብ የለባትም። ጉንዳኑም በዋናነት የሚመረምረው በማሽተት ነው። እኛ ግን አእምሮ ተሰጥቶናል፤ እንጠየቅበታለን።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ኮልፌ አጠና ተራ ሱቅ የምትጠብቀው ወንድሜ፣ 18 ማዞሪያ ታክሲ የምትጠብቂው እህቴ፣ ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሷችሁ ይሆናል። በሰላምታ ይጀምራል። "ወንድሜ" ይላል፣ "ኢንሻአላህ" ይላል፣ "መቶ በመቶ ሐላል" ይላል። ገንዘብህ በወር እጥፍ ይሆናል ይላል። የማያውቁት ሰው በሌላ ቋንቋ ቢጽፍላችሁ ወዲያው ትሰርዙት ነበር። ይሄ ግን የቤተሰብ ሽታ አለው። የሚገባውም ለዚያ ነው። የእናት የዕቁብ ብር፣ ለታናሽ እህት ትምህርት የተቀመጠው ብር ሁሉ ወጥቶ ለእሱ ይበላል፤ አብላዩም ራሱ የቤቱ ልጅ ነው።

ሱረቱል-ሑጁራት ወሬ ይዞ የሚመጣን አመፀኛ ነገሩን ሳናጣራ እንዳንቀበል ታዘናለች። የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ጋ ቆሙ። ላዩ ደረቅ ነው። እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ሻጩን ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት ነው አለ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና ማታለልን አጥብቀው አወገዙ። እስኪ አስተውሉ፣ ሻጩ ሙስሊም ነው፣ ገበያውም የመዲና ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን አስገቡ።

እናንተም አስገቡ። ትርፉ ከየት ይመጣል? ምን ተሽጦ፣ ምን ተሠርቶ? መልሱ "ሌላ ሰው ጋብዝና ታገኛለህ" ከሆነ ክምሩ ውስጡን ረጥቧል።

ገንዘባችሁ ቀድሞ የገባባችሁም አላችሁ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ብሩን ለማስመለስ ብላችሁም ጓደኛ አትጋብዙ። የሱለይማን ዘመኗ ጉንዳን አደጋውን እንዳየች ተናገረች። ዛሬ ከሶላት በኋላ ከመስጊድ ስትወጡ፣ አጠገባችሁ የሰገደው ልጅ ነገ ሊያስገባ ያሰበው ብር ኪሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የደረሰባችሁን ንገሩት።