ማንም የማይታዘዘው ምልክት

ሰው በማይጎዳበት ነገር ላይ የተሠራ ሐሰት፥ ሐሰት ይባላልን? ይህ ጥያቄ ዘወትር የሚነሣው ስለ ንግግር ነው። እኔ ግን ስለ አንድ እጅግ ትንሽ የእጅ ሥራ ላነሣው እወዳለሁ።

በእንግሊዝ አገር የቀድሞውን የምድር ባቡር መስመር አሳንሰው በጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ባቡሩንና ጣቢያውን ከፈጸሙ በኋላ፥ በሐዲዱ ዳር ለሚቆመው የፍጥነት ወሰን ምልክት ብዙ ሌሊት ይደክማሉ። ባቡሮቹ እ.ኤ.አ. በ1948 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ በብዙ ስፍራ ይታይ የነበረው ምልክት ከብረት ተቆርጦ የወጣ ቢጫ ቁጥር ነው፤ ከበስተኋላው ሰሌዳ ስለሌለው በቁጥሩ መካከል ሰማዩና ሣሩ ይታያል። ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ አይበቃም። በተለመደው መለኪያ 30 ሳንቲሜትር የነበረው ነገር 4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናልና፥ ሠሪው ስስ ናስ ወይም ፕላስቲክ ይዞ፥ የዘመኑን ፎቶግራፍ አጠገቡ አስቀምጦ፥ የ«4»ን ማዕዘንና የ«0»ን ሆድ በምላጭ ጫፍ ይፈለፍላል።

ታዲያ ምልክቱን የሚያነበው ማን ነው? በትንሹ ባቡር ውስጥ ነጂ የለም፤ ቢኖርም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው በጠረጴዛው አጠገብ የቆመው ሰው እጅ ነው። በ40 ፈንታ 60 ቢጻፍ አንዲት ነፍስ አትጠፋም።

ደግሞም ሐዲዱ ራሱ ትክክል አይደለም የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። በዚያ መለኪያ የሐዲዱ ስፋት 18.83 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው፥ አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ምክንያቱም የቀድሞው ሞተር በትንሹ የእንግሊዝ ባቡር ውስጥ አልገባ ስላለ፥ ሐዲዱን እንዳለ ትተው የባቡሩን አካል አተለቁት። እንግዲህ ባቡሩ ከእውነተኛው 18 ሳንቲሜትር ያህል በጠበበ መንገድ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሁሉ የሚያውቀውና ሁሉ የተስማማበት ጉድለት ማንንም አያታልልም፤ በቴያትር መድረክ ላይ ያለው ቤት አራተኛ ግድግዳ ስለሌለው ተመልካች አይከስም። ጆን ኤኸርን ማደር ቫሊ ብሎ የሠራው፥ ዛሬም በፔንደን ሙዚየም የሚገኘው መስመር ጭራሽ በዓለም ያልነበረ ነው፤ ስለ ማንም ስላልመሰከረ በሐሰት ምስክርነት የሚከሰው የለም።

ስሙ የታወቀ ስፍራንና የታወቀ ዓመትን እሠራለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ግን ምስክር ሆኗል። በኖርዘምበርላንድ በሞርፔዝ ጣቢያ አጠገብ በዚያን ዘመን ፍጥነቱ በሰዓት 40 ማይል ተወስኖ የነበረ ብርቱ ኩርባ አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1969 በሌሊት አንድ ባቡር በ80 ማይል ያህል ፍጥነት ደርሶበት ከሐዲዱ ወጣ፤ 6 ሰዎች ሞቱ። ከምርመራው በኋላ፥ ፍጥነት እጅግ በሚቀንስበት ስፍራ ነጂውን ከሩቅ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ እንዲቆም ተደረገ፤ የባቡር ሰዎችም እስከ ዛሬ የሞርፔዝ ሰሌዳ ይሉታል።

አሁን አንድ ሰው የ1960ን ሞርፔዝ ሲሠራ፥ ላማረ ብሎ ያን ሰሌዳ ቢተክል ምን ተናገረ? ባቡር መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር አለ። ሐሳቡ የተበተነውን ነጂ ከተጻፈበት በላይ ጥፋተኛ አደረገው፤ የስድስቱንም ሞት ምንም ያላስተማረ ከንቱ ሞት አስመሰለው። ይህን ሁሉ ያደረገው ከጥፍር ባነሰች ቁራጭ ናስ ነው። ሙታን አይከራከሩም፤ ተመልካቹም አያውቅም፤ ግን የተበደለ የለም ለማለት እኔ አልደፍርም። ወደ ኋላ ርቆ የ1910ን መስመር የሚሠራማ ብዙውን ኩርባ ያለ አንዳች ምልክት መተው ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ ነጂው ወሰኑን ከታተመ መመሪያ አጥንቶ በቃሉ ይይዝ ነበርና። ምላጩን አስቀምጦ ባዶ ስፍራን መተው፥ ለእጀ ብልህ ሰው ከመፈልፈል ይልቅ ይከብዳል።

ከአደጋው በኋላ የነበረውን ዘመን የመረጠ ግን ሰሌዳውን ይትከል። ቀለሙ አዲስ ይሁን፤ ወደ ፊት ርቆ በኩርባው ላይ የሚቆመው አሮጌ 40 ደግሞ በጢስና በአቧራ ጠቁሮ ቢጫነቱ በጭንቅ ይታይ።