ነፃነት በተፈጥሮና በሕግ፦ ከግሪክ ፈላስፎች እስከ ሐይቅና አምባሰል

አንድ ሰው የሌላው ባሪያ የሚሆነው በተፈጥሮው ነው ወይስ ሰው ባወጣው ሕግ? በጥንታዊት ግሪክ ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ከፋፍሏል። በአቴና የቤቱ ሥራ፣ እርሻውና የብር ማዕድኑ በባሮች ጉልበት ይካሄድ ስለነበር ክርክሩ የከተማይቱን ኑሮ ከሥሩ የሚነካ ነበር። ሶሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ባወጣው ሕግ አቴናዊ በዕዳ ምክንያት ባሪያ እንዳይሆን ከልክሏል። ሕጉ ግን ለዜጋው እንጂ ለተማረከውና ከውጭ ለተገዛው አልደረሰለትም።

አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ይለዋል። በገዛ አእምሮው መምከርና መወሰን የማይችል ሰው ስላለ፣ ለእንዲህ ያለው በሌላው አእምሮ መመራት ይጠቅመዋል ብሎ ተከራክሯል። ይሁንና በጦርነት የተማረከ ሁሉ በተፈጥሮው ባሪያ ነው አላለም፤ ድል መሆን የአእምሮን ማነስ አያሳይምና። ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚሉ ሰዎች በዘመኑ እንደነበሩም ራሱ መዝግቧል። የንግግር መምህሩ አልኪዳማስ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ነፃነትን ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ አድርጎ ያስተምር ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ኢስጦኢኮች ተብለው የተጠቀሱት ፈላስፎች ክርክሩን ወደ ነፍስ መለሱት። በእነርሱ ትምህርት እውነተኛው ባሪያ ለፍትወት፣ ለፍርሃትና ለገንዘብ የተገዛው ነው፤ ጠቢብ ግን በሰንሰለት ቢታሰርም ነፃ ነው። ከመምህራኑ አንዱ ኤፒክቴጦስ ራሱ በሮም ባሪያ የነበረ ነው። ሰው በፈቃዱና በሐሳቡ ላይ ካልሆነ በቀር በምንም ላይ ጌታ አይደለም ይል ነበር። ትምህርቱ ለተገፋው ሰው ክብሩን መልሶለታል። ድካሙም እዚያው ነው፦ የነፍስ ነፃነት ከበቃ የሥጋውን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ኢስጦኢኮች ጌቶችን ርኅራኄ ቢያስተምሩም ባርነት ከሕግ ይውጣ ብለው አልተነሡም።

ነፃነት የተፈጥሮ ነው የሚለው ሐሳብ በሮማ ሕግ አልፎ እስከ ኢትዮጵያ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ533 የወጣው የዩስቲንያኖስ የሕግ መማሪያ ባርነትን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የማይስማማ የአሕዛብ ልማድ ይለዋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው «ፍትሐ ነገሥት» በ31ኛው አንቀጹ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዟል፦ ሰው በተፈጥሮ ሕግ ነፃ ነው፤ ባሪያ የሚያደርገው የጦርነትና የድል ሕግ ነው። መጽሐፉ ባሪያን ነፃ ማውጣትን እንደ በጎ ሥራ ያመሰግናል፤ ነገር ግን የብሉይ ሕግን ጠቅሶ ከማያምኑ ሕዝቦች ባሪያ መግዛትን ይፈቅዳል። ሐሳቡ አርነትን ሲሰብክ ድንጋጌው ባርነትን አስቀጠለ።

የነፃነት ትርጉም ምን ያህል ልዩ ልዩ እንደሆነ ለመረዳት የሐይቅና የአምባሰል ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ኢብን አል ዐሳል መጽሐፉን ባዘጋጀበት በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። መናኙ ገንዘቡን ትቶ ፈቃዱን ለአበምኔቱ ያስገዛል፤ ቀንበሩን የተሸከመው ግን ወዶ ነው። በአምባሰል ደግሞ በግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች ለዙፋኑ ሥጋት እንዳይሆኑ ይጠበቁ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ከዚያ ወጥተው ነው። ልዑሉ ክብርና ዘር ሳያንሰው ከአምባው መውረድ አይችልም ነበር። መናኙ ታዛዥ ሆኖ ነፃ፣ ልዑሉ ክቡር ሆኖ እስረኛ ነው። ባሪያው ግን መታዘዙንም አልመረጠም፣ ክብሩንም ተነጥቋል። ስለዚህ የመናኙን የውስጥ ነፃነት ጠቅሶ የባሪያውን ዕጣ ማቅለል አይቻልም፤ የሁለቱ ልዩነት ፈቃድ ነው።

ይህን ያለ ፈቃድ መገዛት አጥብቆ የተቃወመው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገረው «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ማንነት ሊቃውንትን እስካሁን ያከራክራል፤ አንዳንዶቹ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ የጁስቶ ደ ኡርቢኖ ሥራ ነው ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ መጽሐፉ ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥ ከፈጣሪ ሊሆን አይችልም ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የአንድ አባት ልጆች እኩል ወንድማማቾች ናቸው። ከንጉሡ የተለየው የመጽሐፉ ባለታሪክ ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራዝ የአሳዳሪውን አገልጋይ ሲያገባም እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ እኩያው ተቀብሏታል። አርስቶትል የአእምሮን ማነስ ለባርነት ማስረጃ ሲያደርግ፣ ሐተታው ለሰው ሁሉ የተሰጠውን አእምሮ የእኩልነት ማስረጃ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ ሐሳቡ ባሮችን ነፃ ወደሚያወጣ ሕግ የተሻገረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አገሪቱ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ታወጀ። ፈጽሞ የከለከለው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከአልኪዳማስ እስከዚህ ዐዋጅ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው የሚለው እውነት በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል። የነፍስ ነፃነት ሰውን በመከራ ያጸናዋል፤ ከገበያ የሚያወጣው ግን ሕግ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላም ሰውን በአያቱ ባርነት የሚንቅ አንደበት የአርስቶትልን ክርክር በሌላ ስም ያስቀጥላልና ሊታረም ይገባዋል።