ያልነገርነውን የሚያውቅ መዝገብ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ነገሬን ከአንድ ስኒ ቡና ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የቨርጂኒያ ግዛት አገረ ገዥዋን ለመምረጥ ስትሰናዳ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ በበጎ ፈቃድ የምርጫ ቅስቀሳ ይሠራ ነበር። ሥራው ለአፍ ቀላል ነው። በእጅ ስልኩ ላይ የመንገዱ ካርታ፣ የቤቱ ቁጥር፣ የነዋሪው ስምና ዕድሜ ተዘርዝሮ ይመጣለታል። በር ያንኳኳል፤ ስለ ዕጩው ይናገራል፤ ያገኘውን መልስ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመዘግባል። 1 ቁርጠኛ ደጋፊ፣ 5 ቁርጠኛ ተቃዋሚ ነው። ከቁጥሩ ሥር ለማስታወሻ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁሉ ያለው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ያንኳኳውን በር የከፈቱለት ሴት በዕድሜ ገፋ ያሉ ወይዘሮ ነበሩ። በእንግሊዝኛ የጀመረውን ሰላምታ ሳይጨርስ ፊቱን አዩና፣ «ያገሬ ልጅ አይደለህም እንዴ? ግባ እንጂ፣ በር ላይ ተቁሞ ይወራል?» አሉት። ገባ። የማን ልጅ እንደሆነ ተጠየቀ፤ ቡና ተፈላ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔስ የአንተን ሰው ነው የምመርጠው። አባቷ ግን እንዳይሰማ፤ እሱ ለወዲያኞቹ ነው፣ ከሰማ ቤቱ ይታመሳል» አሉ። «አባቷ» ያሉት ባለቤታቸውን ነው፤ ልጃቸው በጓዳ ነበረችና።

ወዳጄ መርቀውት ወጣ። መንገዱ ዳር ቆሞ ለወይዘሮዋ 1፣ ለባለቤታቸው 5 ሞላ። ከሥሩም «ድጋፋቸውን ከባለቤታቸው ይሰውራሉ፤ ጥንቃቄ ይደረግ» ብሎ ጻፈ። በልቡ ለእሳቸው ማሰቡ ነበር።

ከዐሥር ቀን በኋላ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ያነሱት ባልየው ናቸው። ደዋይዋ ከሌላ ግዛት የምትሠራ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ስትሆን፣ ወይዘሮዋን በስማቸው ጠርታ «ለዕጩአችን የሰጡትን ድጋፍ ለማረጋገጥ ነበር» አለች። በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር መብቱ የለኝም። ወዳጄ በኋላ ሲያጣራ፣ ከቤት ለቤቱ ፕሮግራም የወጣው ፋይል ወደ ስልኩ ፕሮግራም ሲገባ ስም፣ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ተላልፎ፣ የማስታወሻው ዓምድ ቀርቶ ኖሯል። በሌላ ቀን ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ወይዘሮዋ አልተቆጡትም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለአንተ ነበር የነገርኩት» ብቻ ነበር ያሉት።

ለመሆኑ እዚህ ላይ በዳዩ ማን ነው? ወዳጄ አልዋሸም። ደዋይዋ የተሰጣትን አነበበች። ፋይሉን ያስገባው ሰው ምናልባት እንቅልፍ አጥቶ የነበረ ምስኪን ነው። ሕግም አልተጣሰም። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ የአንዲት ሴት የቤት ገበና ግን አደባባይ ወጣ። ንጹሓን ተባብረው በደል የሚሠሩበትን ይህን መንገድ ነው ልንመረምረው የሚገባው።

የመራጭ መዝገብ መያዝ የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 ወጣቱ አብርሃም ሊንከን ለዊግ ፓርቲ በተዘጋጀ የሥራ መመሪያ ላይ፣ እያንዳንዱ አውራጃ በትንንሽ ክፍል እንዲከፈል፣ የመራጮች ሁሉ ዝርዝር እንዲያዝ፣ ማን ማንን እንደሚመርጥ እንዲጣራና ወላዋዮቹ በዓይን እንዲጠበቁ አሳስቦ ነበር። ልዩነቱ የሊንከን ሰዎች ዝርዝሩን ይይዙ የነበረው በወረቀት መሆኑ ነው። ወረቀት ደግሞ ይረሳል፤ ያረጃል፤ በእሳት ይጠፋል። የመርሳት ጸጋ ነበረው።

ዛሬ መዝገቡ የሚጀምረው ከመንግሥት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው የምርጫ ሕግ፣ የመራጮች ምዝገባ ግዴታ የሆነባቸው ግዛቶች ሁሉ በኮምፒዩተር የተያዘ አንድ የጋራ ዝርዝር እንዲኖራቸው ተደነገገ። በዚህ ዝርዝር ላይ ስም፣ አድራሻና በየትኞቹ ምርጫዎች ድምፅ እንደተሰጠ ይገኛል። ማንን መረጥህ የሚለው ምስጢር ነው፤ መርጠሃል ወይስ ቀርተሃል የሚለው ግን ምስጢር አይደለም። ፓርቲዎችና ዕጩዎች ይህን ፋይል አግኝተው ወደ ቅስቀሳ ፕሮግራማቸው ያስገቡታል፤ ከዚያም ከነጋዴ የተገዛ ስልክ ቁጥርና ልዩ ልዩ ግምት ይለጥፉበታል። ቨርጂኒያ መራጮቿን በፓርቲ ስለማትመዘግብ፣ እዚያ የፓርቲ ዝንባሌ ራሱ ግምት ነው። እንግዲህ ሰውዬው ያልተናገረውን መዝገቡ ይናገርለታል ማለት ነው።

ፋይል ማስገባት ሲባል የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ይህ ዓምድ የመጀመሪያ ስም፣ ያ ዓምድ የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ማዛመድ ነው። ነገር ግን ማዛመድ መፍረድም ነው። የእኛን ሰው ተመልከቱ። ባል በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ ደግሞ በባልየው የመጀመሪያ ስም። የቤተሰብን ስም እንደ ቤተሰብ ማሰሪያ ለሚቆጥር ፕሮግራም እነዚህ ሦስቱ በአንድ አድራሻ የተጠጉ ባይተዋር ተከራዮች ናቸው፤ አንድ ደብዳቤ ለአንድ ቤት ሦስት ጊዜ ይላካል። በሌላ በኩል በስደት የገቡና የትውልድ ቀናቸው በውል ያልታወቀ ብዙ ሰዎች በወረቀታቸው ላይ ጥር 1 ተወለዱ ተብለው ተጽፈዋል። ስምንና የትውልድ ቀንን ብቻ ለሚያመሳክር ፕሮግራም ሁለት ሞክሼዎች አንድ ሰው ሆነው ሊዋሐዱ ይችላሉ። አንደኛው «ከእንግዲህ አትደውሉብኝ» ብሎ ከሆነ ያ ልመናው ከስሙ ጋር ይዋጣል፤ ወይም የአንዱ ዝምታ ለሌላው ይተርፋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንደነገሩ ካየነው መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ዓምዱ ይመለስ፣ ስሙ ይስተካከል፣ ስሕተቱ ይታረም። ወዳጄም የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ማስታወሻዬ ተላልፎ ቢሆን ኖሮ ደዋይዋ ትጠነቀቅ ነበር።» እኔ ግን በዚህ አልረካም። ማስታወሻው ተላልፎ ቢሆንማ ኖሮ፣ ወይዘሮዋ ለአንድ የአገር ልጅ በሹክሹክታ ያሉትን ነገር ቁጥራቸው የማይታወቅ ደዋዮች ያነቡት ነበር። ቤቱ ባይታመስም ምስጢሩ ምስጢር አይሆንም። ስለዚህ በደሉ የተፈጸመው ዓምዱ የቀረ ዕለት ሳይሆን ማስታወሻው የተጻፈ ዕለት ነው። የቴክኒክ ስሕተቱ በደሉን አልፈጠረውም፤ ገለጠው እንጂ።

ከዚህ ግን ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። እውነት የሆነን፣ በፈቃድ የተነገረን፣ በበጎ ልብ የተጻፈን ነገር መጻፍ እንዴት በደል ይሆናል?

ምላሼ ይህ ነው። ሰው ነገር ሲናገር ቃሉን ብቻ አይሰጥም፤ ለማን፣ የትና ለምን እንደተናገረም አብሮ ይሰጣል። ለሐኪም የተነገረ ሕመም ለአሠሪ ቢደርስ፣ ለነፍስ አባት የተነገረ ኃጢአት በዕድር ስብሰባ ቢነሣ፣ ቃሉ ያው ቢሆንም ነገሩ ያው አይደለም። ወይዘሮዋ የተናገሩት ለእንግዳ ነው። በሩ የተከፈተው ለልጅነቱ፣ ለቋንቋው፣ ለአገሩ ነው እንጂ ለዕጩው አልነበረም። ወዳጄ እንግዳ ሆኖ ገባ፤ መዝጋቢ ሆኖ ወጣ። በደሉ ያለው በዚህ ሽግግር ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሚቺጋን ውስጥ ተመራማሪዎች ወደ 180,000 ቤተሰቦችን ያካተተ ሙከራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ስም ተዘርዝሮ፣ ባለፉት ምርጫዎች ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ የሚናገር፣ ከምርጫው በኋላም አዲስ ዝርዝር ለሁሉም እንደሚላክ የሚያስታውቅ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤ ካልደረሳቸው ሰዎች መካከል ድምፅ የሰጡት 29.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህ ከደረሳቸው መካከል 37.8 በመቶ ሆኑ። ለዴሞክራሲ ድል ነው ልንል እንችላለን። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄዱት በእምነት ነው ወይስ በሐፍረት? እ.ኤ.አ. በ1856 በአውስትራሊያ፣ ከ1888 ጀምሮም በአሜሪካ የምስጢር ድምፅ በሕግ የተደነገገው፣ መራጩ ከአሠሪውና ከጎረቤቱ ዓይን ጋር ሳይሆን ከኅሊናው ጋር ብቻውን እንዲቆም ነበር። ሣጥኑን በመጋረጃ ሸፍነን ሲያበቃ የመጋረጃውን ደጃፍ ሁሉ በመዝገብ ከከበብነው፣ ምስጢሩ ቅርፊት ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

መዝገቡ የሚጠብቀው ሰው አለው ወይ ቢባልም፣ ታሪኩ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በዴሞክራቶች የጋራ ፕሮግራም ላይ ክፍተት ተፈጥሮ፣ የበርኒ ሳንደርስ ሠራተኞች የሒላሪ ክሊንተንን የመራጭ መረጃ አዩ። ፓርቲው የሳንደርስን ቡድን ለአጭር ጊዜ ከመዝገቡ አገደ፤ ሳንደርስም በክርክር መድረክ ላይ ይቅርታ ጠየቁ። የጠቡ ጥያቄ መረጃው የየትኛው ዕጩ ነው የሚል ነበር። የተመዘገቡት ሰዎች ነው ብሎ መከራከር ለማንም አልታየውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ለሪፐብሊካኖች ይሠራ የነበረ አንድ ድርጅት የ198 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያንን መረጃ ያለ ቁልፍ ኢንተርኔት ላይ ትቶት ተገኘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

ይሁንና ለመዝገቡም መከራከር ፍትሕ ነው። ያለ መዝገብ ዕጩው ለገበያ መሐል ጩኸቱ እንጂ ለአንዲት እናት በር ጊዜ አይኖረውም። ብር የሌለው ተወዳዳሪ በዝርዝሩ አማካይነት ከባለጸጋው ጋር ይፎካከራል። እንዲያውም የመዝገቡ ሌላው በደል ማወቁ ሳይሆን ማለፉ ነው። «ባለፉት ሦስት ምርጫዎች ያልመረጠ ይውጣ» የሚል አንድ ማጣሪያ ሲጫን፣ ዜግነቱን ገና ያገኘ ስደተኛ፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ታክሲ ነጂ፣ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ከካርታው ላይ ይጠፋሉ። የማይመርጥ ስለማይጠየቅ፣ የማይጠየቅም ስለማይመርጥ ክቡ ይዘጋል። ስለዚህ መዝገቡ ይቃጠል የሚል ሰው እኔን ደጋፊው አያድርገኝ።

የምለው ይህን ብቻ ነው። ስለ አንድ ሰው የሚጻፍ ማስታወሻ፣ ለዚያው ሰው ፊት ለፊት ሊነበብለት የሚችል መሆን አለበት። ወዳጄ ወደ ቤቱ ተመልሶ «እማማ፣ ባለቤትዎን እንደሚፈሩ ጽፌአለሁ» ማለት ይችል ነበር? አይችልም። እንግዲያው መጻፍ አልነበረበትም። «እማማ፣ ድጋፍዎን ልመዝግበው? ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ» ብሎ መጠየቅ ግን ይችል ነበር። ምናልባት እምቢ ይሉት ነበር፤ ዕጩውም አንድ «1» ያጣ ነበር። ሥነ ምግባር ዋጋ የማያስከፍል ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ መጻፍም ባላስፈለገን።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ በእኛም አገር የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እየተስፋፋ መሆኑን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. መውጣቱን ያስታውስ። አዋጅ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙ በዝርዝር ላይ መውጣቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ከአዋጅ በፊት የሚመጣውን ነገር ያውቃል። አዋጁ ባዶውን ቦታ ከሚሞላው ሰው ጋር መንገድ ዳር አይቆምም።

ወዳጄ ዛሬም በምርጫ ሰሞን በር ያንኳኳል። ቡና ሲጋበዝ ግን ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ይከተዋል፤ ሲወጣም «አልተገኙም» ብሎ ይሞላል። ይህም ውሸት ነው አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ለመዝገቡ አልተገኙም ማለቴ ነው» አለኝ። ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አልቆረጥኩም። እናንተስ?