ከበሮውን የመታው ማን ነው?

ሰው የሠራው መሣሪያ ከበሮ ሲመታ፥ መታ የሚባለው ማን ነው? መሣሪያው ነውን? ወይስ የሠራው ሰው? ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ የሚመስለው አይጠፋም፤ ዳሩ ግን በመልሱ የአንድ ሰው ቦታ የሚወሰንበት ጊዜ አለ።

መሣሪያውን ለማያውቁት ጥቂት ልግለጽ። እኔና አንድ የክፍሌ ተማሪ ከበሮ የሚመታ ትንሽ ሮቦት በገዛ እጃችን ሠርተናል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ የሚባል ሞተር ነው። ይህም ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ፥ ክብደቱ 9 ግራም ያህል የሆነ ሳጥን ሲሆን፥ በውስጡ ሞተርና ጥርሳም መዘውሮች፥ ደግሞም ዘንጉ የት እንደ ደረሰ የሚለካ አንድ መለኪያ አለ። ትእዛዙን አርዱይኖ ከሚባል አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ይቀበላል። ሰሌዳው በየ20 ሚሊሰከንዱ አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቆይ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን፥ 2 ሲቆይ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። በዘንጉ ላይ ቀጭን ዱላ ካሰሩበት እነሆ ክንድ ሆነ!

ይህ ክንድ ብዙ አስተማረን። ዱላ ሳይጫንበት እንኳ 60 ዲግሪ ለመዞር ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ምቱ በጊዜው እንዲያርፍ ትእዛዙ ቀድሞ መላክ አለበት። ደግሞ «ውረድ» ብቻ ቢሉት ይወርድና ቆዳው ላይ ተጭኖ ይቀራል፤ ድምፁም ይታፈናል። «ወዲያው ተመለስ» ተብሎ መታዘዝ ይኖርበታል። ለሰው እጅ ግን ይህን የሚያስተምረው ቆዳው ራሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ከበሮውን ከፊቱ ስናነሣበት የሆነው ነው። በዚያው ትጋት፥ በዚያው ልክ፥ አየሩን መምታቱን ቀጠለ። መለኪያው የራሱን ዘንግ እንጂ ከበሮውን አያውቅምና።

ታዲያ በመዝሙር ልምምዳችን መካከል አንድ አሳብ ተነሣ። ከበሮ ከሚመቱት ወንድሞች አንዱ ይቸኩላል፤ መዝሙሩ ሲሞቅ ዘማርያኑን ጥሎ ይሄዳል። «ማሽኑ አይቸኩልም፤ ለምን በእርሱ አንተካውም?» ተባለ። ነገሩ በሳቅ ቢነገርም ወንድማችን አልሳቀም።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ከበሮ መቺ የሚፈለገው ልክ ስለሚጠብቅ ብቻ አይደለም። ዘማሪዋ ትንፋሽ ሲያጥራት ያዘግምላታል፤ መሪው ስንኙ ሲጠፋበት እስኪያገኘው ምቱን ይዞ ይቆየዋል። «ፈጠንህ» ሲሉት ያፍራል፥ ያርማል፥ ይቅርታም ይደረግለታል። ሮቦቱን ማን ይወቅሰዋል? ወቀሳው ወደ እኔ ይመጣል፤ መምጣትም ይገባዋል። እንግዲህ የመታሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ባልገኝ እንኳ። ሊቃውንቱም ምሥጢረ ከበሮን ሲያስተምሩ፥ ሰፊው አፍ የመለኮት፥ ጠባቡ የትስብእት፥ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፥ ምቱም ጌታ በጥፊ የመመታቱ ምሳሌ ነው ይላሉ። ይህን እያሰበ የሚመታ እጅና ምንም ሳያስብ የሚወርድ ዱላ አንድ ድምፅ ቢያሰሙ እንኳ አንድ ሥራ አልሠሩም።

«ያንተ ሮቦት ደካማ ስለ ሆነ ነው፤ የሚሰማ ቢሠራስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1206 አል-ጀዛሪ በመጽሐፉ የገለጸው ሙዚቀኞችን የያዘ ጀልባ፥ በሚዞር በርሜል ላይ በተተከሉ ችካሎች የሚሠራ ስለ ነበረ ማንንም አይሰማም ነበር። ከ800 ዓመት በኋላ፥ በ2006 ገደማ፥ በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ቴክ ፕሮፌሰር ጊል ዋይንበርግና ባልደረባው የሠሩት ሮቦት ግን ሰው ሲመታ በማይክሮፎን ሰምቶ የራሱን ምት ይመልስ ነበር። ስሙንም ኃይሌ አሉት፤ ለእኛ ፈገግ የሚያሰኝ ስም ነው። ስለዚህ «መሣሪያ አይሰማም» ብሎ ክርክሩን መዝጋት አይቻልም።

እኚሁ ፕሮፌሰር በ2014 ከዚህ የባሰ ጥያቄ አስነሡ። ጄሰን ባርንስ የተባለ ከበሮ መቺ በ2012 በኤሌክትሪክ አደጋ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች አጥቶ ነበርና፥ ሁለት ዱላ የያዘ ክንድ ሠሩለት። አንዱን ዱላ የሚያዝዘው የሰውየው ጡንቻ ነው። ሁለተኛው ግን ሙዚቃውን እየሰማ በራሱ ይመታል። የሁለተኛውን ዱላ ምት ማን መታው? እኔ እስካሁን አልቆረጥሁም። የሚታየኝ ይህ ብቻ ነው፦ ያ ክንድ እጁን ያጣውን ሰው ከበሮው ፊት እንዲቀመጥ ረዳው፤ በእኛ ዘንድ የቀረበው አሳብ ግን ሁለት ጤነኛ እጅ ያለውን ሰው ከከበሮው የሚያስነሣ ነው። ሞተሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ነገሩ አንድ አይደለም።

ለሮቦቱም ሥራ አላጣንለትም። በደቂቃ 80 ጊዜ እንዲመታ አስተካክለን ለዚሁ ወንድማችን ሰጠነው፤ ማታ ማታ አብሮት ይለማመዳል። በ80 አሁን አይስትም። 100 ላይ ስናደርሰው ግን ገና ይቸኩላል።