የአሮጌ ሰዓት አደራ

ልጄ፣ ዘመዶችህ ከአሜሪካ የላኩልህን የዋልታምና የኤልጂን የኪስ ሰዓቶች ሰብስበህ ልታድስ መነሳትህን ሰማሁ። ደግ ሐሳብ ነው። መሣሪያህን ከማንሳትህ በፊት ግን ስማኝ።

ለዓመታት የተቀመጠን ሰዓት አገኘሁ ብለህ ወዲያው አትሙላው። ዘይቱ ደርቆ ተጣብቋል። ሄደልኝ ብለህ ስትደሰት ቀጫጭን ዘንጎቹ በደረቅ ዘይትና በአቧራ እየተፋተጉ ያልቃሉ። መፈታት፣ መታጠብ፣ ከዚያም ጥቂት ዘይት በየቦታው መቀባት አለበት። ሞላው ሳይላላ ማሽኑን የሚፈታ ሰውም የማሽኑን ጥርሶች ይሰብራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማወልወልን ግን አጥብቄ እከለክልሃለሁ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይባላል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሰዓት ቀፎዎች ስስ ወርቅ የለበሱ እንጂ ጥፍጥፍ ወርቅ አይደሉም። ደጋግመህ ስትፈትጋቸው ቅርጹ ይጠፋል፣ ጠርዙ ላይ ናሱ ብቅ ይላል፤ የሄደው ወርቅ አይመለስም። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወርደህ ካህናቱ የሚያሳዩንን መስቀልና ብራና ተመልከት። የምንሳለመው አርጅቶ እዚህ ስለደረሰ ነው፤ ስላብረቀረቀ አይደለም። ዝገቱን አስቁም፣ የተሰበረውን ጠግን፣ የዘመኑን መልክ ግን ተውለት።

እነዚህ ሰዓቶች ቀላል ዕቃ አይምሰሉህ። በ1891 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ስፍራ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአንዱ ነጂ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ቆሞ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የተባለ ሰዓት ሠሪ የባቡር ሰዓት በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ የሚል ጥብቅ መለኪያ አወጣ። ዕድሜውን ለማወቅ ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እይ፤ የቀፎው ቁጥር ሌላ ነው፤ ያኔ ገዢው ማሽኑን ከአንዱ፣ ቀፎውን ከሌላው ፋብሪካ መርጦ ያስገጥም ነበርና።

ደግሞም ጠይቅ፤ ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል። ሰዓቱ የማን ነበር? ከእጁ እንዴት ወጣ? መልሱን ከሰዓቱ ጋር ጽፈህ አስቀምጥ። ሌላም አለ፤ የጥንት ዕቃ ይወዳል መባልህ በአገራችን በላስታ ሲሰማ፣ በጋቢው ሸፍኖ መስቀል ወይም ብራና ይዞልህ የሚመጣ አይጠፋም። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀላችን በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፣ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ በስንት ድካም ነው የተመለሰ። ያን ጊዜ የደረሰብንን ሐዘን ይህ አገር አልረሳውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ሰዓትህን በደስታ ሰብስብ፣ በትዕግሥት አድስ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግን ቢለምኑህም፣ ቢረክስም አትግዛ፤ ያን ዕለት ሳታሳድር ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገር።