ሙሴ ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሳምንት፥ ገብር ኄር ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ በጾሙ ወራት፥ ከስንት ጊዜ በኋላ ለሰርክ ጉባኤ የመጣች አንዲት እኅት ጥግ ይዛ ጠብቃ አነጋገረችኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናት፤ በሥሯ ስድስት ሠራተኞች አሉ። ‹‹ዲያቆን፥ ዘንድሮስ ጾምኩ ከምል ሳልበላ ዋልኩ ብል ይሻላል›› አለችኝ። መጋቢት ሲያልቅ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ይደርሳል፤ እንደምታውቁት ይሄ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ከዐቢይ ጾም ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ‹‹ይሄ እንዴት ነው? ይሄስ የት ይግባ?›› የሚሏትን ስታስተናግድ ትውላለች። የራሷን ሥራ የምትጀምረው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ የቀረውን በፌስታል ይዛ ቤት ትገባለች። ልጆቿ ተኝተው ትደርሳለች። በማግስቱ ትንሽ ነገር ሲሳሳቱባት ትቆጣለች፤ ተቆጥታ ስታበቃ ደግሞ ‹‹ይሄ ምን ዓይነት ጾም ነው?›› እያለች ታለቅሳለች። ‹‹ታዲያ ለምን ሥራውን አታካፍዪያቸውም?›› ብላት፥ ‹‹ከማስረዳት ራሴ ብሠራው ይፈጥናል፤ ደግሞም ያበላሹታል›› አለች።

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ። እኔም ስለው የኖርኩት ቃል ነውና፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እስቲ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን እንክፈት። የምድያም ካህን ዮቶር አማቹን ሙሴን ሊጠይቅ ወደ በረሃ መጣ። በማግስቱ ሙሴ ሊፈርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጥዋት እስከ ማታ በፊቱ ቆሞ ዋለ። ዮቶር አስቀድሞ ቀኑን ሁሉ አየ፤ ከዚያ ነው የጠየቀው። ሙሴ የሰጠው መልስ ደግሞ መጥፎ መልስ አይደለም፤ ሕዝቡ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ እኔ ይመጣል ነው ያለው። ሥራው ቅዱስ ሥራ ነበር። ዮቶርም ሥራውን አልነቀፈም፤ አሠራሩን ነው መልካም አይደለም ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዮቶር የሚደክመው ሙሴ ብቻ ነው አላለም፤ ሕዝቡም አብሮ ይደክማል ብሏል (ዘጸ. 18፥18)። እኛ ‹‹ሁሉን እኔ ልሥራው›› ስንል የምንጎዳው ራሳችንን ብቻ ይመስለናል፤ እንዲያውም መሥዋዕትነት አድርገን እንቆጥረዋለን። ግን በአንድ ሰው ፊርማ ምክንያት ጠረጴዛ ላይ የሚያድረውን ደብዳቤ አስቡት። ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ ‹‹ኃላፊዋ ሥራ በዝቶባት ነው፥ ነገ ተመለስ›› ይባላል። አልጋ ይዞ ያድራል፤ ለትራንስፖርት የያዘው ብር ያልቅበታል። የእኛ ድካም ዋጋ እርሱ ኪስ ውስጥ ነው የተቆረጠው ማለት ነው።

የዮቶር ምክር ቅደም ተከተል ነበረው። ሥርዓቱንና ሕጉን አስተምራቸው፥ የሚሄዱበትን መንገድና የሚሠሩትን ሥራ አሳያቸው ብሎ ይጀምራል (ቁጥር 20)። ከዚያ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፥ እውነተኞቹን፥ ጉቦ የሚጠሉትን ምረጥ፤ የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆች አድርጋቸው፤ ከባዱ ነገር ወደ አንተ ይምጣ፥ ቀላሉን እነርሱ ይፍረዱ አለው። እኛ መጀመሪያውን እንዘለዋለን። ሳናስተምር እንሰጥና ሲበላሽ ‹‹አላልኩም ነበር?›› እንላለን። ያላስተማርነውን መውቀስ እኮ ቀላል ነው! ደግሞም ሙሴ ሁሉን አስረክቦ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከባዱ የእርሱ ሆኖ ቀርቷል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ላይ አንዳችሁ የሌላውን ሸክም ተሸከሙ ይላል (ቁጥር 2)። ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል (ቁጥር 5)። ይጋጫል? አይጋጭም። በግሪኩ ቃላቱ ሁለት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሚያጎብጥ ክብደት ነው፥ ሌላው ሰው የየራሱን የሚይዘው ጭነት። እናቱ የሞተችበት ሠራተኛ ከለቅሶ እስኪመለስ ሥራውን ብንሠራለት፥ የሚያጎብጠውን አነሣንለት፤ የክርስቶስን ሕግ ፈጸምን። ሞባይሉን ሲነካካ ውሎ በሰዓቱ የሚወጣውን ግን ማታ ቁጭ ብለን ብንሠራለት ይህ ፍቅር አይደለም። ለእርሱም አልጠቀምነው፤ አጠገቡ በርትቶ የሚሠራውንም በደልነው።

የዛሬው ወንጌልም ከዚሁ ይገጥማል (ማቴ. 25፥14-30)። ጌታው ለአንዱ 5፥ ለአንዱ 2፥ ለአንዱ 1 መክሊት ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ። ሰጣቸውና ሄደ። በላያቸው ቆሞ ‹‹እንዲህ አይደለም፥ አምጣው›› አላለም። ሲመለስ ሒሳብ ተሳሰበ፤ ሁለት ያተረፈውንም ልክ አምስት እንዳተረፈው አመሰገነው። ሦስተኛው መክሊቱን የቀበረው ግን ፈርቼ ነው አለ፤ ጌታውን ጨካኝ ብሎ ከሰሰው። ይህ ክስ በጌታ ላይ ሐሰት ነው። በእኛ ላይ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ስንት ሠራተኛ ነው ‹‹ብሳሳት ትጮህብኛለች›› ብሎ ችሎታውን ቀብሮ የሚውለው?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በሰንበት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ተጠሪ ሆኜ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። መርሐ ግብሩን የማወጣው እኔ፥ ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ፥ ወንበር የምደረድረው ሳይቀር እኔ ነበርኩ። ‹‹ያለ እሱ ይሄ ክፍል ምን ይሆን ነበር?›› ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ታምሜ ለሦስት ሳምንት ቀረሁ፤ ክፍሉም ለሦስት ሳምንት ተዘጋ። መጀመሪያ አዘንኩባቸው። በኋላ ንስሐ አባቴ ‹‹ለመሆኑ ማንን አስተምረህ ነበር?›› ቢሉኝ መልስ አጣሁ። ትጋት ያልኩት ግማሹ ውዳሴ ከንቱ ነበር።

ሙሴ ከዚህ ነጻ ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እግዚአብሔር ከመንፈሱ ወስዶ ለ70 ሽማግሌዎች ባካፈለ ጊዜ፥ ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ቀርተው ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱ ከልክላቸው ቢለው፥ ሙሴ ስለ እኔ ትቀናለህን ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ተመኘ። ሐዋርያትም እንዲሁ ናቸው። መበለቶች በዕለቱ ምግብ በተዘነጉ ጊዜ ጉዳዩን አልናቁትም፥ ጸሎትንና ቃሉንም አልተዉም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው እጅ ጫኑባቸው (ሐዋ. 6፥1-7)። እኛ ዲያቆናት ከዚያ ነው የመጣነው። እነዚያ 12ቱ ‹‹እኛው ብንሠራው ይፈጥናል›› ብለው ቢሆን፥ ሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስን ከየት እናገኘው ነበር?

‹‹የማካፍለው ሰው ባይኖርስ?›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሁለት መደብ ክፍት ሆኖ ዓመት የሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት አለ። ያን ጊዜም ሙሴን እንየው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም ብሎ ለእግዚአብሔር በግልጽ ተናገረ፤ እንዲያውም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ረዳት ሰጠው እንጂ ሰነፍ አላለውም። ለበላይ ኃላፊም በአክብሮት ‹‹ይህ ከአቅሜ በላይ ነው›› ማለት ኃጢአት አይደለም። ዝም ብሎ ተሸክሞ ከበታች ባለው ላይ መጮህ ነው ኃጢአቱ።

ለዚያች እኅት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ መሽቶ ነበር። ከስድስቱ አንዷን መርጣ የሪፖርቱን አንድ ክፍል እንድታስተምራት፥ ጥያቄ የምትቀበልበትንም ሰዓት ለይታ እንድትነግራቸው ብቻ ነው የተነጋገርነው። በሆሣዕና ዋዜማ አገኘኋት። ልጅቷን ሁለት ከሰዓት አጠገቧ አስቀምጣ አሳየቻት። ሥራው ስሕተት ነበረበት፤ አብረው አረሙት። ከራሷ ቢሆን አንድ ቀን ቀድሞ ያልቅ እንደነበር እየሳቀች ነገረችኝ። ትንሹን ልጇን አዝላ ነበር፤ ትልቁ ደግሞ ነጠላዋን ይዞ ‹‹እማዬ፥ ዘንባባውን መቼ ነው የሚሰጡን?›› እያለ ይጎትታት ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።